ባኻር ማለት መውረድ ነው

ከሸዋ ሮቢት የወጣነው መግሪብ እንደተሰገደ ነው። ቀኑን ሙሉ ጥላ ሲፈልግ የዋለው ሰው በየደጁ ተቀምጦ ነፋስ ሲጠብቅ፣ እኔና ሐያት ሠርግ የምንሄድ መስለን ወደ ጀውሃ በሚኒባስ ተሳፈርን። ሐያት የአክስቴ የዘሃራ ልጅ ናት። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምንሸጠው አብረን ነበር። ረዳቱን ስትተርበው መኪናው ሙሉ ይስቃል። ጀውሃ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች እራት ከሚበሉበት ምግብ ቤት ጓሮ ወደ ሱዳን የሚያሻግረን ደላላ ጠበቀን።

«ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ?» አለ።

«ሦስተኛዋ ፍርሃት ናት፤ እሷን ከዕቃው ጋር ጫናት» አለችው ሐያት።

ካርቱም ሰው ቤት እየሠራን አረብኛ ለመድን። ጦርነት ሲነሣ ሌላው ወደ አገሩ ሲመለስ እኛ ወደፊት ሸሸን፤ ሊቢያ፣ ከዚያ አልጄሪያ። ከአልጄሪያ የተሳፈርንባት ጀልባ የስፔን ተራራ እየታየን ተገለበጠች። ሐያትን በሻሿ ይዣት ነበር። ሻሹ እጄ ላይ ቀረ፤ እሷን ውሃው ወሰዳት። እኔን የነፍስ አድን ሠራተኞች አወጡኝ። ይህን በዝርዝር አትጠይቁኝ።

ከስደተኞች መጠለያው ስወጣ በላስቲክ የተሸፈነ እርሻ ውስጥ ቲማቲም ለቀማ ገባሁ፤ ከሌሎች ስደተኞች ጋርም አንድ ክፍል ተከራየሁ። አገሩ ደረቅ ነው፣ አቧራው የቆላ አቧራ ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን አገሬ ቀወት ያለሁ ይመስለኛል። ላስቲኩ ሥር ግን የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ራሷ ምሕረት ነበረች። አከራያችን ሴኞራ የምንላት አሮጊት ናት። አንድ ቀን መጥታ ቬንቲላተሩን፣ የነፋስ ማራገቢያውን፣ ነቅላ ወሰደችው።

«ሴኞራ፣ ይሞቀናል እኮ» አልናት።

«እናንተ የአፍሪካ ሰዎች ናችሁ፤ የሚሞቀን እኛን ነው» ብላ ሄደች።

አንድ ሐሙስ የመጠለያው ሞሮኳዊ አስተርጓሚ ደወለልኝ። ባሕሩ አንዲት ሴት አውጥቷል፤ እኔ ከተናገርኩት መልክ ጋር ይመሳሰላል። «ነገ እስከ ስምንት ሰዓት መጥተሽ እይያት። ካላየሻት ስም የለሽ ተብላ ትቀበራለች» አለኝ። ሬሳ የሚታይበት ቢሮ ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ ይኬዳል፤ ትልቅ ቀይ የጡብ ሕንፃ ሳይ እንድወርድ ነገረኝ። ቀኑ ዓርብ ነበር። አጥቤ፣ ከፍኜ፣ ሰው ፈልጌ አሰግድባታለሁ ብዬ ነጭ ጨርቅ ይዤ ወጣሁ።

እናንተ ተከትላችሁኝ የምትመጡ፣ እዚህ አውቶቡስ ረዳት የለውም። የሚጠራ የለም፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል የለም። ሹፌሩን ኮንዱክቶር ይሉታል፤ ቢየቴ የሚባለውን ትኬት የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ፌርማታው ፓራዳ ነው። እኔ ያን ቀን ከነዚህ አንዱንም አላውቅም። የከተማውን ስም ብቻ ተናግሬ ቢየቴዬን ተቀበልኩና መስኮት ዳር ተቀመጥኩ።

ቀዩን ሕንፃ ሳየው ተነሥቼ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። አውቶቡሱ አልቆመም። «ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!» ጮኽኩ። አጠገቤ የቆመች ሴት ጣቷን ምሰሶው ላይ ወዳለ ቀይ ቁልፍ ዘርግታ «ባኻር? ባ አ ባኻር?» አለችኝ።

ባሕር። በእኛም ባሕር፣ በአረብኛም ባሕር። በባሕር መምጣቴን ከፊቴ ያነበበች መሰለኝ። ሻሹ፣ ውሃው፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ።

«ኖ!» አልኳት እየጮኽኩ። «ኖ ባሕር! ኖ ባሕር!»

ሴትየዋ ደንግጣ ጣቷን ሰበሰበች። አውቶቡሱ ቀዩን ሕንፃ አልፎ አውራ ጎዳና ገባ። ቀጥሎ የቆመው ሌላ ከተማ ነው። በጎዳናው ጠርዝ በእግሬ ተመለስኩ፤ መኪናዎች እየጮኹብኝ፣ አንዱ መስኮቱን ከፍቶ እየተሳደበ። ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ጥበቃው ብቻ ነው ያለው። ለአስተርጓሚው ደውዬ ስልኩን ሰጠሁት።

«ሰኞ ትምጣ ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

«ሬሳ ነው በለው! እህቴ ናት በለው!»

ሲነጋገሩ ቆዩ። «የሞተ ሰው አይቸኩልም ይላል» አለኝ።

ሰኞ አስተርጓሚው ራሱ አብሮኝ መጣ። የቢሮዋ ሴት በኮምፒውተር ፎቶ አሳየችን። ሐያት ናት። ፊቷ አብጧል፣ የጆሮ ጌጧ አንዱ የለም፤ ግን ሐያት ናት።

«የት ናት?» አልኩ።

«ቅዳሜ ጠዋት ተቀበረች። ዓርብ ጠብቀንሽ ነበር።»

«አውቶቡሱ አላወረደኝም።»

«አውቶቡስ ማንንም አያወርድም። ለመውረድ የሚፈልግ ቁልፉን ይጫናል» አለች፤ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው በእርጋታ።

«ስሟን ጻፉላት እንግዲያ።»

«ለእሱ ሌላ ሲታ ያዢ።» ሲታ ማለት ቀጠሮ ነው። ቀጠሮው ለመስከረም ተሰጠኝ፤ ያኔ ገና ሰኔ ነበር።

ባኻር ማለት መውረድ እንደሆነ የነገረኝ፣ ወደ መቃብሩ ስንሄድ አስተርጓሚው ነው። «ትወርጃለሽ ወይ ብላ ነው የጠየቀችሽ» አለኝ። መቃብሩም መሬት አይደለም፤ እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ የተሠራ ግድግዳ ነው። ሐያት ከላይኛው ረድፍ ናት፤ እጄ አይደርስም። ሲሚንቶው ላይ ቁጥር ተጽፏል። ከታች ቆሜ ፋቲሐ ቀራሁላት።

ማታውኑ ለአክስቴ ደወልኩ። የልጇን መሞት ጀልባዋ የተገለበጠች ጊዜ ተረድታለች፣ ለቅሶም ተቀምጣለች። ሬሳዋ መገኘቱን ስነግራት «አልሐምዱሊላህ! ዓሣ አልበላትም! አፈር አገኘችልኝ!» ብላ አለቀሰች። ጎረቤቶቿን ስትጠራ፣ ስትነግራቸው ሰማሁ። ተመልሳ ስልኩን ያዘች።

«ማን አጠባት፣ የኔ ልጅ?»

ነጩን ጨርቅ ከአልጋዬ ላይ አነሣሁ።

«ከፈኑንስ ማን አለበሳት? ሴቶች ነበሩ ወይ?»

«አላውቅም አክስቴ። ሳልደርስ ቀበሯት።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«አውቶቡስ ላይ።»