አርፈህ ተቀመጥ

ሚስቴ በዋዜማው «ነገ ስብሰባ ላይ አርፈህ ተቀመጥ» ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። እሺ ለማለት እኔን የሚቀድም የለም። በማግስቱ በመምህራኑ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና «ባልደረባችን ለምን ታሰረ?» ብዬ ጠየቅሁ። ማታውኑ ወሰዱኝ። እኔ ስገባ እሱን ወደ ሾኔ እስር ቤት አዛውረውታል አሉ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ከሲሚንቶው አልለቀቀም። በሩ የብረት ፍርግርግ ነው። ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን እንቀመጣለን። እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ እግሬ ይንቀጠቀጣል። «ቲቸር፣ ኧረ በፈጠረህ እግርህን ያዝልን!» ይሉኛል።

የቀኑ ጠባቂ ደግ ሰው ነበር፣ እውነቱን ልናገር። ሚስቴ ያመጣችውን ቆጮ ሳይበትን ያስገባል። «ሁሉም ደህና ናቸው ብላሃለች» ይለኛል፤ እኔም ያቺን ቃል ስጠብቅ እውላለሁ። ችግሩ ክላሹን ጉልበቱ ላይ ሲያጋድመው አፈሙዙ ወደ እኛ መዞሩ ነው። አንድ ቀን ሲያዛጋ ጉልበቱ ተነቃነቀ፤ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ቁልፍ ብቻውን ቀጭ ብሎ ወረደ።

«ወንድሜ፣ ቁልፉ አይይዝም፤ ለምን አታሳይም?» አልኩት።

«አውቃለሁ። ብናገር አንተ ነህ ያበላሸኸው ይሉኛል። አርፈህ ተቀመጥ!»

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከዚያች ቁልፍ ላይ አልነሳ አለ።

አንድ ረፋድ መሣሪያ ጠጋኝ መጣ። እኛ ፀሐይ እንድንሞቅ አውጥተውን ተደርድረናል። ሸራ ዘርግቶ ክላሾቹን እየፈታ ይወለውላል፣ ዘይት ይቀባል፣ ያለቀ ሞላ ይቀይራል። የኛ ጠባቂ ተራ ደረሰ።

«ችግር አለው?» አለው ጠጋኙ።

«የለውም» አለ ጠባቂው፤ ድምፁ ቀጠነ። ጠጋኙ ወልወል አድርጎ ሊመልስለት ነው።

እግሬ ጀመረ። ብናገር የሚስቴን ቃል ማን ያመጣልኛል? ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ያ ክላሽ አንዳችንን ይጨርሳል። እጄ ወጣ።

አጠገባቸው የቆመው የጣቢያው አዛዥ አየኝና «ሽንት ቤት ነው?» አለ። ፖሊሶቹ ሳቁ።

«አይደለም። የዚያ ክላሽ ቁልፍ አይይዝም።»

ጠባቂው አየኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት እግዚአብሔር አያሳያችሁ። ጠጋኙ ቁልፉን ወደ ላይ አድርጎ ሰደፉን መሬት ላይ መታ አደረገው። ቀጭ።

«ኧረ ጉድ! ይሄማ ተበልቶ አልቋል» ብሎ ከሳጥኑ አዲስ አወጣ።

አዛዡ ወደ ጠባቂው ዞረ። «መቼ ነው የተበላሸው?»

«እሱ አላየም፤ ያየሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እዚህም ስብሰባ አደረግኸው!» ብሎ እኔን ብቻ ከፀሐይ አስነስቶ አስገባኝ።

ከሰዓት ቆጮው መጣ፤ ቃሏ ግን አልመጣችም። ጠባቂው ጀርባውን ሰጥቶኝ ዋለ። አፈሙዙ ግን ወደ ግድግዳው ነበር። ተራው አልቆ ሲሄድ በሩን የሚያናግር ይመስል «ሁሉም ደህና ናቸው» አለ።

ከተፈታሁ በኋላ፣ ባለፈው ወደ ዱራሜ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ያ ጠባቂ ሆነ፤ ያለ ዩኒፎርም።

«ቲቸር፣ ያ ቁልፍ እስካሁን ይይዛል።»

«ተቀይመኸኝ ነበር?»

«በጣም እንጂ!» ጠጋ ብሎ «ሾኔ ያለው ጓደኛህስ ተፈታ?» አለኝ።

«አልተፈታም። ነገ ስብሰባ አለን።»

አርፈህ ተቀመጥ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈና «በርታ» አለኝ።