ከግራና የመጣው ሬዲዮ

ሱቄን ከፍቼ መበየጃውን ሶኬት ላይ እንደሰካሁ የታጠቁ ሰዎች መጡ። አንደኛው ጠረጴዛዬ ላይ የተበታተኑትን ሬዲዮኖችና የቴፕ ሞተሮች ሲያይ ቆየና፣ «መርሳ ላይ ሬዲዮ የምትጠግነዋ ሴትዮ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ተነሽ።»

መበየጃውን እስክነቅል ታገሰኝ። ሱቁን ራሱ ዘጋው፤ ቁልፉን ግን ለእኔ አልሰጠኝም።

በክፍት መኪና ሲሪንቃን አልፈን ወልድያ ገባን። ያስገቡኝ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የማሽላ አቧራ ደርቆ ቀርቷል። አየሩ የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል፤ ሽታው ከአፍንጫ ወርዶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ካለች ክፍተት ነው። ሴቶቹ በወዲህ፣ ወንዶቹ ከቆርቆሮ ግርዶሽ ወዲያ ነበሩ። አጠገቤ የነበረችው የሐራ ነጋዴ ነበረች። ለምን እንደታሰረች አልጠየቅኳትም። እሷም ሳትጠይቀኝ የጋቢዋን ግማሽ አነጠፈችልኝ።

ጥቂት እንደተቀመጥኩ ከቆርቆሮው ማዶ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

«ከመርሳ የመጣችው ልጅ አለሽ ወይ?»

«አለሁ፣ አባቴ።»

«አፉ በይኝ ልጄ። በእኔ ጦስ ነው የመጣሽው።»

በድምፃቸው አወቅኋቸው። የግራና ገበሬ ናቸው፤ የአባቴ ደንበኛ ነበሩ፣ አባቴ ሲሞት ደግሞ የእኔ ደንበኛ ሆኑ። ሬዲዮናቸው ድምፁ ቢጠፋባቸው ወደ ሱቄ ይዘውት ሲመጡ ኬላ ላይ ተፈተሹ። ፈታሾቹ ሲከፍቱት ከሹክሹክታ በቀር ምንም አልወጣውም። አንቴናው ረጅም ነው። «ይሄ ሬዲዮ አይደለም፣ ለታጣቂ መልእክት የምታቀብሉበት ነው» አሏቸው። ወዴት እንደሚወስዱት ሲጠየቁ የእኔን ሱቅ ተናገሩ።

«እውነት ነውና ተናገርኩ» አሉኝ።

«ደግ አደረጉ። እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ አልናገርም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዘበኛ ስሜን ጠራ። የሐራዋ ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ሥሪው ቢሉሽ እንዳትነኪው፤ አልናገር ካለ ማስረጃ አጠፋሽ ይሉሻል» አለችኝ። ምክሯ ልክ ነበር። እየሄድኩም አሰብኩበት።

የጥያቄ ክፍሉ የመጋዘኑ ቢሮ ነው። ኃላፊው በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ያ ጥቁሩ፣ ማንጠልጠያው በቆዳ የተጠገነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሬዲዮ ነው።»

«ሬዲዮ ከሆነ ለምን አይናገርም?»

«ተበላሽቶ ነዋ። ለዚህ አይደል ወደ እኔ የሚያመጡት?»

ልንካው አልኩት፤ ፈቀደልኝ። ማብሪያውን ከፍቼ የጣቢያ መቀየሪያውን ወዲህና ወዲያ ገፋሁት። ከሹክሹክታው መሃል ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ፤ መልሼ ስገፋው ደገመው። ውስጡ ተቃጥሎ ቢሆን ዝም ይል ነበር። መቀየሪያው ውስጥ ብረትና ብረት የሚነካኩበት ቦታ እንደቆሸሸ ገመትኩ። ግምት ነው፤ ክዳኑ ሳይከፈት እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ብሳሳት ጦሱ ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለእሳቸውም ነው።

ስለዚህ ኃላፊውን ትቼ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

«አባቴ፣ ዕቃው የእርስዎ ነው። ልክፈተው?»

«ክፈቺው ልጄ። አላህ የሚያውቀውን እነሱም ይዩት።»

ካቻቪቴ፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ላጲስና ስስ ወረቀት ጠየቅሁ። ኃላፊው ለዘበኛው በአገጩ ምልክት ሰጠው፤ ሁሉም መጣ። ክዳኑን ፈታሁ። ውስጡ የጭቃ ቤት አቧራ ሞልቶታል። መቀየሪያው ላይ እንደ ምላስ የተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፤ ሁሉም ጠቁረዋል። ዘበኛው ሰንጢውን አውጥቶ፣ «በዚህ ፋቂው፣ ይቀልሻል» አለኝ።

«ስለት አይነካውም። ላዩ ስስ ሽፋን ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።»

ወረቀቱን በቀጭኑ ቀደድኩና አልኮል አርከፍክፌ በብረቶቹ መሃል አስገባሁት። ቀስ ብዬ ስስበው ጥላሸት የጠጣ ይመስል ጠቁሮ ወጣ። ሌላ ቀደድኩ። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋገምኩት። የባትሪ ድንጋዩ በሚቀመጥበት ላይ ያለውን አረንጓዴ ዝገት በላጲስ አሸሁ።

ስጨርስ እጄን ሰበሰብኩ።

«ክፈቺው እንጂ» አለ ኃላፊው።

«እርጥብ ነው። ይድረቅ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪደርቅ።»

ተቀመጠ። ከታሰርኩ ወዲህ ሁሌ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ ያን ረፋድ እነሱ እኔን ጠበቁ።

ሲደርቅ ድንጋዩን መለስኩና ከፈትኩት። ሹክሹክታ። መቀየሪያውን ገፋሁ። አንዲት ሴት ጥርት ባለ ድምፅ ስለ ልብስ ሳሙና ማውራት ጀመረች፤ ነጭ ልብስ እንዴት እንደሚያነጣ፣ አረፋው እንዴት እንደሚበዛ። ዘበኛው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ።

ኃላፊው ጣቢያ በጣቢያ እየቀያየረ አዳመጠ። «መልእክት ይልካል?»

«መስማት እንጂ መናገር አይችልም። ክፍት ነው፤ ሌላ ጠጋኝ አስመጥተው ያሳዩት።»

ጎንበስ ብሎ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ክዳኑን ወደ እኔ ገፋው። ገጥሜ ሳበቃ ሬዲዮውን አንስቼ በሁለት እጄ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ማንም አላስቆመኝም።

«አንቱ ይሂዱ» አላቸው ኃላፊው። «አንቺ ቆዪ።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ከጠረጴዛው ሥር ቴፕ አወጣ። «ድምፁ ይቆራረጣል። ብትሠሪልኝ የአንቺም ጉዳይ ቶሎ ያልቃል።»

ቴፑን አየሁት። ምን እንደሆነ ሳልከፍተው አውቄዋለሁ፤ ቀላል ነው። ቤቴ ታየኝ፤ መውጫ በሩ ታየኝ።

«የሽማግሌው ሬዲዮ ወደ ሱቄ ሲመጣ የተያዘ ነው፤ ስለዚህ ሠራሁት» አልኩት። «እዚህ ግን እስረኛ ነኝ። ሥራዬ መርሳ ነው። ስፈታ ሱቄ ያምጡት፣ እንደ ማንም ደንበኛ እሠራልዎታለሁ።»

አልተቆጣም። ቴፑን መልሶ ከጠረጴዛው ሥር አስገባና ዘበኛውን ጠራ።

ለሐራዋ ሴት ስነግራት «አበድሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ዳቦዋን ቆርሳ ትልቁን ግማሽ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ሲፈቱኝም የሱቄን ቁልፍ መለሱልኝ፤ የተባልኩት «ሂጂ» ብቻ ነው።

መርሳ ስመለስ ሱቄ ባዶ ዋለ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሰላምታቸውን ከመንገዱ ማዶ ይሰጡኛል፤ አልፈረድኩባቸውም። አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው መንገዱን ሞልቶ ሳለ፣ ሽማግሌው የድምፅ ማጉያ በትከሻቸው ተሸክመው ደጄ ቆሙ።

«የመስጊዱ ነው» አሉ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ወልድያ እንውሰደው ቢሉኝ፣ የለም፣ መርሳ ያለችው ልጄ ትሥራው አልኳቸው።»

«ይግቡ፣ አባቴ።»

አልገቡም። ደጁ ላይ በርጩማ አስወጥተው እስክጨርስ እዚያው ተቀመጡ። ያለፈ ያገደመው አያቸው። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ደንበኛ መጣ።

ዛሬ ሬዲዮ የሚያመጣልኝ ሰው ጥቂት ነው። የሚመጣው ስልክ፣ ቻርጀር፣ አንዳንዴም ካውያ ነው። ስለ እስሩ የሚጠይቀኝ ሰው ምን እንዳደረጉኝ መስማት ይፈልጋል። እኔ ግን የምነግረው ያን ረፋድ ነው፤ ዕቃውን ባለቤቱን አስፈቅጄ ከፈትኩ፣ አጸዳሁ፣ ለባለቤቱ መለስኩ እለዋለሁ። አንዳንዱ ይኸው ብቻ ነው ወይ ይለኛል። ለእኔ ግን ይበቃኛል።