አልጋዬ ሥር የታቀፈችው ዶሮ

«ቂጥሽ መቀመጫ የሚያውቅ አይመስልም። አንቺ እዚህ አትቆዪም።»

አከራዬ ይህን ያሉኝ ገና ሻንጣዬን ከባጃጁ ሳላወርድ ነው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ አንድ እግሬ በር ላይ ሌላው መንገድ ላይ ነበር፤ ፈረዱ።

«ካልቆየሁ ቁልፍዎን እመልሳለሁ» አልኳቸው። «አሁን ግን ይስጡኝ።»

ሳቁና ሰጡኝ።

መርሳ ከወልድያ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ እንቅልፍ ሳይወስድ ይደረሳል። ለእኔ ግን ባሕር ማዶ ነበር። ያደግሁት ከእህቶቼ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ እየተገፋፋሁ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ፣ መርሳ ያለ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሄድኩ፣ ተፈተንኩ፣ ተቀበሉኝ። እናቴ «ሲመርሽ ነይ፤ ቦታሽን ማንም አይወስደውም» አለችኝ። ታናሽ እህቴ ግን እኔ ከበር ሳልወጣ ፍራሹ ላይ እጅና እግሯን ዘርግታ ተንጋለለች።

የተከራየሁት የአከራዬን ልጅ ክፍል ነበር። ልጅቱ ዓረብ አገር ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ግድግዳው ሰማያዊ፣ አልጋው ብረት፣ ከቁም ሳጥኑ በሮች አንዱ የተቆለፈ፤ ውስጡ የእሷ ልብስ አለ። እማማ (እንዲያ ነበር የምጠራቸው) አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ።

«አልጋውን ከቦታው እንዳታነሺው። ልጄ እንዳስቀመጠችው ነው።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ አነሳሁት። የመርሳ ሙቀት የወልድያን ልጅ እንደ ሽሮ ያንተከትካታል፤ ከግቢው ማንጎ ሥር የሚነሳው ትንሽ ነፋስ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ነው የሚገባው። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ሲጮህ እማማ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«አልጋው ራሱ ነው የሄደው?»

«ሞቀኝ።»

«አላልኩም? አንቺ ብቻ ሳትሆኚ ዕቃውንም መቀመጫ ታሳጪዋለሽ።»

ግን መልሽው አላሉኝም። ሰኞ ከሥራ ስመለስ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከሟች ባላቸው ሽርጥ የተቆረጠ።

ትምህርት ቤት ልጆቹ «ቲቸር» ሲሉኝ መጀመሪያ ዞር እያልኩ ከኋላዬ ማን እንዳለ አይ ነበር። አርብ አርብ ከክፍል እንደወጣሁ መናኸሪያ እሮጣለሁ፤ ረዳቱ «ወልድያ! የሞላ ወልድያ!» ሲል ከማንም ቀድሜ እገባለሁ። አንድ አርብ ግን መናኸሪያው በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ክፍሌ ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ድምፁ ደስ አለኝ፤ ከፈትኩት፣ ደግሜ ቆለፍኩት።

«ሌባ ገባ እንዴ?» አሉ እማማ ከውጭ።

«እኔ ነኝ!»

«አንቺማ ከሌባ ትብሻለሽ፤ ሌባ አንዴ ነው የሚከፍተው።»

በሕይወቴ የራሴ በር ኖሮኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ክፍል ማጣት ብቻ ነበር የምፈራው።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኙ። እማማ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ይውሉና እኔ በቀትር ሽሮዬን ስበላ ያዩኛል።

«ይሄ ነው ጾም?»

«የእኛ የሚከለክለው ሥጋና ወተት ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ እኔ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነኝ!»

አዛን ሲል ግን ይጠሩኛል። ተምር ይሰጡኛል፤ ለእኔ ብቻ ብለው የምስር ሳምቡሳ ለይተው ይጠብሳሉ። የመጀመሪያው ቀን እጄን ለመዘርጋት ሳመነታ መጥበሻውን ወደ ብርሃን ገለበጡልኝ። «አዲስ ነው። ሥጋ አልነካውም፤ አይነካውምም። ብዪ።» ከዚያ በኋላ መጥበሻው ከሌሎቹ ዕቃዎች ተለይቶ ምስማር ላይ ይሰቀል ጀመር።

የኢድ ጠዋት እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ ይዘው ክፍሌ መጡ።

«የእኛ ሰው ያረደውን አትበዪ፤ ጾምሽም አልተፈታ። በነፍሷ ትቆይልሽ። ለፋሲካሽ የእናንተ ሰው ይባርክልሽና እዚሁ ትሠሪያታለሽ።»

ዶሮዋ አልጋዬ ሥር ካለ ካርቶን ገባችና እዚያው መጣል ጀመረች። በጾም እንቁላል አልበላ፤ እማማ ይወስዱታል ብዬ ተውኩት። እሳቸውም አልወሰዱትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ማንጎው ሥር ልብስ ሳጥብ የእማማ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል። ልጃቸው ናት።

«እማዬ፣ ኮንትራቴን ጨረስኩ። ልመጣ ነው። ክፍሌ እንደነበረች አለች?»

እማማ እኔን አዩኝ። እጄ አረፋ ውስጥ ነው።

«አለች» አሉ።

ለእኔ ግን ምንም አልነገሩኝም። ቀን አለፈ፣ ሌላም ቀን። በራሳቸው አልጋ አጠገብ ለልጃቸው የሚዘረጉትን ፍራሽ አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲመቱ ሳይ አላስቻለኝም።

«እማማ፣ ልጅዎ ልትመጣ ነው። ሰምቻለሁ። ክፍሉን ልልቀቅ?»

«ማን ልቀቂ አለሽ?»

«ማንም። ግን የእሷ ነው።»

«ሰው በጾሙ ከቤቴ አላስወጣም። ወላሂ አላደርገውም! ፋሲካሽን እዚሁ ነሽ።»

ይህን ብለው ወጡ፤ ተመልሰው ሲመጡ ከሌሎቹ ዶሮዎች የሰበሰቡትን እንቁላል በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል። ተንበርክከው አልጋው ሥር ገቡና ከነበረው ጋር ጨምረው ቀይዋን አስታቀፏት።

«ይኸው። የታቀፈች ዶሮ ከቦታዋ አትነሳም፤ እንቁላሉ ይበላሻል። አልጋውም እንዳይጎተት። ቤቱም ሰው ይፈልጋል።»

«እማማ፣ ይቺ ለፋሲካዬ አልነበረችም እንዴ?»

«ለፋሲካሽ ሌላ ይፈለጋል። አብሽሪ።»

ኪራዬን በዶሮ ያራዘሙልኝ ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በሬን ቆልፌ፣ ከሥሬ የቀይዋን ጉርምርምታ እየሰማሁ ጋደም አልኩ።

ልጅቱ በፕላስተር የተጠቀለለ ሻንጣ ይዛ መጣች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ ስትራመድ ግን ድምፅ የላትም፤ በሰው ቤት የኖረ ሰው አረማመድ። ከእናቷ ጋር ተኛች። በክፍሌ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ልግባ?»

በራሷ ክፍል ልግባ አለችኝ። በሩን በሰፊው ከፈትኩላት።

ገብታ አልጋውን አየችና ሳቀች። «መስኮቱ ሥር አደረግሽው!»

«ይቅርታ። አንቺ እንዳስቀመጥሽው እንዳይነካ ተብዬ ነበር።»

«እኔ? እሷ ናት እኮ ጥግ ያስጠጋችው፤ በመስኮት ወንድ ያይሻል ብላ! እኔማ ሁልጊዜ እዚህ ነበር የምፈልገው።» አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ዓረብ አገር የምተኛው ልብስ መተኮሻ ክፍል ነበር። መስኮት የለውም። መንጋቱን በማዳም ጩኸት ነው የማውቀው።»

መጋረጃውን ነካችው። «የአባዬ ሽርጥ» አለች። ከዚያ ዶሮዋን ልይ ብላ ጋደም አለችና ራሷን ወደ ታች አዘነበለች፤ ቀይዋ አጉረመረመችባት፤ ሳቀች። ሻይ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ ከነጫማዋ እንቅልፍ ወስዷታል።

እማማ ለምሳ ሊጠሯት መጡ። ሲያዩዋት የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። አልቀሰቀሷትም።

«ከመጣች እንዲህ ተኝታ አታውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ጋ ስትባንን ነው የምታነጋው።»

ብርድ ልብሴን ጣል አደረግሁባትና ቤት ፍለጋ ወጣሁ። አብራኝ የምታስተምር ልጅ በከተማው ዳር፣ በውርጌሳ መውጫ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ታውቅ ነበር። ወፍጮው ያንቀጠቅጠዋል። በሩ ግን ይቆለፋል።

ልሄድ ስል እማማ የግቢው በር ላይ ቆሙብኝ።

«ጾምሽ አላለቀም!»

«አንቱ አላስወጡኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት።»

«ዶሮዋስ?»

«አትነሳም ብለውኝ የለ?»

ልጅቱ ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ ጫነችልኝ። እማማ ጓዳ ገቡና ያን ምስማር ላይ የሚሰቀለውን መጥበሻ ይዘው ወጡ፤ በላዩ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ አለ።

«ሥጋ አልነካውም» አሉ። «ለፋሲካ ካልመጣሽ ጫጩቶቹን ለጭልፊት ነው የምሰጣቸው፤ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«መናኸሪያ ነው?» አለኝ ባለባጃጁ።

«አይደለም፤ ወደ ውርጌሳ መውጫ» አልኩትና መጥበሻውን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ባጃጁ ተነሳ።