የከበበው መዳፍና ስድስት ደቂቃ

ከበበውን ከሥራው ይልቅ ሥራውን ለሰው ማስረዳቱ ይከብደዋል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶቹ የአውሮፕላን ሞተር መሐንዲስ ነው ብለው ያምናሉ፤ እሱም አስተባብሎ አያውቅም። እውነቱ ግን ከበበው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደመወዝ የበላው ቆሞ በመጠበቅ ነው። «በመጠበቅ ሰርተፊኬት ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ይላል ራሱ።

የሚሠራው የአውሮፕላን ሞተሮች ከጥገና ሲወጡ በሚፈተኑበት አዳራሽ ነው። ሞተር ከጠፋ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ጣጣው የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው ረጅም ብረት፣ እነሱ ሮተር የሚሉት፣ እንደጋለ ይቆማል። ሙቁ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። ብረቱም ከላይ ሞቆ ከታች ሲበርድ ወደ ላይ ይጎብጣል። ጉብጠቱ በዓይን አይታይም፤ ከፀጉር አይበልጥም። እንደጎበጠ ቢያስነሱት ግን ዙሪያውን የተሰኩት ስለቶች ከሽፋኑ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። ስለዚህ መልሶ ከማስነሳት በፊት ነዳጅ ሳይሰጡ በአየር ግፊት ማሽከርከር፣ ቀዝቃዛ አየር በሆዱ ማሳለፍ፣ የላዩና የታቹ ሙቀት እስኪቀራረብ መጠበቅ ነው። ያ ሲያልቅ ከበበው አሥራ ሰባት ቁጥር የተቀረጸባትን ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ ይመታል። ማኅተሟን ያገኛት ሚስቱን ሶሬቲን ከማግባቱ በፊት ነው፤ ሶሬቲም ይህን አልረሳችለትም።

ከዓመት ዓመት ግን ከበበውን አንድ በሽታ ያዘው። መዳፉን ማመን ጀመረ። ሞተሩን ከውጭ ዳበስ አድርጎ «አሥር ዲግሪ ይቀረዋል» ይላል፤ መለኪያው ሲታይ ሁለት ሦስት ጊዜ ልክ ሆነለት። ሁለት ሦስት ጊዜ ልክ መሆን ሰውን ያበላሻል። ባልደረቦቹ «የከበበው መዳፍ» እያሉ ሲያሞግሱት ልቡ አብጦ፣ ምሳ ሰዓት ላይ የሹሮውን ሸክላ ዳብሶ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እስከመናገር ደረሰ።

በትዕግሥቱም ስም ወጥቶለታል። ተወልዶ ያደገበት የመካኒሳ አቦ እድር፣ ጀሞ ከገባ በኋላም አባልነቱን ሳይተው፣ የድንኳኑን መጋዘን ቁልፍ የሰጠው «ይሄ ልጅ አይቸኩልም» ብሎ ነው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነበር። ከበበው ኪሱ ከትቶት ሥራ ይገባል።

ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ አንድ ሞተር ፈተና ላይ ነበር። ዙሌካ የምትባል ባለሙያ የሮተሩን ሚዛን ብቻዋን ያስተካከለችለት የመጀመሪያዋ ሞተር ስለሆነ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ኋላ ቆማ ታያለች። ሞተሩ ጥሩ ሮጠ፤ ግን ዘይት አንጠባጠበና ጠፋ። የሚያንጠባጥበው ቦታ እስኪበጅ አርባ ደቂቃ ሄደ። ልክ ሊያስነሱት ሲዘጋጁ የከበበው ስልክ ጮኸ።

«ከበበው፣ አቶ ኮርሳ አረፉ» አሉት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉተማ። «ድንኳኑ አልወጣም፣ ለቀስተኛውን ዝናብ እየመታው ነው። ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው ጋሼ።»

«ኪስህስ የት ነው?»

ከበበው ላብ አጠመቀው። ወረቀቱ ስምንት ደቂቃ አሽከርክር ይላል። ሁለት ደቂቃ አሽከረከረና ወደ ሞተሩ ሄደ። በሩ ተከፍቶ የሐምሌ ነፋስ ሲገርፈው ስለቆየ ሽፋኑ ቀዝቃዛ ነው። መዳፉን አሳረፈበት። «በርዷል» አለ። መለኪያውን አላየም። ማኅተሙን መታ። በየማለዳው ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ያለ አንድ ቃል የሚገተር ሰው፣ ስድስት ደቂቃ መቆም አቃተው።

ሞተሩ ተነሳ፣ ወዲያውም ተንቀጠቀጠ። ንዝረቱ ቀዩን መስመር ሲያልፍ ዙሌካ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከበበው አጠፋው። ሁሉም ዞሮ ያየው እሷን ነው፤ ሞተር ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሚዛኑ ነዋ። የአዳራሹ ኃላፊ ኢንጂነር ጌቱ «ዙሌካ፣ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ እንገናኝ» አላት። ከበበው አፉን ከፈተ። ስልኩ ጮኸ። «መጣሁ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ስልኩ ባይጮህ ኖሮ እናገር ነበር እያለ ራሱን እስከ ሳር ቤት አታለለ፤ ከሳር ቤት ወዲያ ግን ራሱም ሊያምነው አልቻለም።

ድንኳኑ ተተከለ። ጋሽ ጉተማ ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና «መቼም አንተ ኃላፊነት ታውቃለህ» አሉት። ከበበው እንደዚያች ሰዓት ስድብ አምሮት አያውቅም።

ቤት ሲገባ ሶሬቲ ቆሎ ትቆላለች። ብረት ምጣዱን ከስቶቩ ላይ አውርዳ ወለሉ ላይ ካስቀመጠችው በኋላም ማማሰሏን አልተወችም።

«ካወረድሽው በኋላ ምን ያማስልሻል?» አላት ነገር ፍለጋ።

«አንተ ደግሞ! የሚያርረው ከወረደ በኋላ አይደል እንዴ? ምጣዱ እኮ ገና እንደጋለ ነው። ከላይ ብትነካው በርዷል፤ ከታች ያለው ግን እየከሰለ ነው።»

ከበበው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እሱ ለአዲስ ገቢዎች ሰሌዳ ላይ እየሣለ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ትምህርት ሚስቱ በማማሰያ ጨረሰችው። ከዚያ ሁሉንም ነገራት።

«ልጅቷስ?» አለች ሶሬቲ።

«ጠዋት ትጠየቃለች።»

«አንተ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተሃል። እሷስ?»

«አንድ ሞተር።»

«እንግዲህ» አለችና ወደ ቆሎዋ ተመለሰች።

ከበበው ፈርቶ ነበር። ማኅተሙን ከተነጠቀ ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለው ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም።

በማግሥቱ ቢሮው ሲደርስ ዙሌካ ቀድማው ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቶ፣ የሚዛን ወረቀቶቿን ታገላብጣለች።

«ሚዛኑ ደህና ነው» አለ ከበበው ሳይቀመጥ። «ሮተሩ እንደጎበጠ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ስምንት ደቂቃ ማሽከርከር ሲገባኝ ሁለት አሽከረከርኩ።»

«መለኪያውስ ምን ይል ነበር?» አለ ጌቱ።

«አላየሁትም። በእጄ ነው የለካሁት።»

ጌቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሽ ከበበው፣ በእጅ አይለካም ብለህ ያስተማርከኝ እኮ አንተ ነህ።»

«አዎ፤ ሳስተምር ጎበዝ ነኝ።»

ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሞተሩ ተፈቶ ሲታይ የሽፋኑ ግድግዳ በቀጭኑ ተፍቆ ተገኘ፤ የዙሌካ ሚዛን ግን ምንም እንከን አልነበረበትም። ከበበው ለስድስት ወር ማኅተም እንዳይዝ ተወሰነ። አሥራ ሰባት ቁጥር ጌቱ መሳቢያ ውስጥ ገባች። ከበበው ደረጃው ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ እንባውን በመዳፉ ሲጠርግ ሙቀቱን ሊገምት ሲል ራሱን ያዘውና ሳቁ መጣ።

የእድሩን ቁልፍም ሊመልስ ሄዶ ነበር። ጋሽ ጉተማ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው «ታዲያ ይሄ ከድንኳን ጋር ምን አገናኘው?» ብለው አሳፍረው መለሱት። እሱ ግን መካኒሳ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጾ ሰጣቸው። ስለ ሙቀት አሥራ ስምንት ዓመት ያሰበ ጭንቅላት፣ ቁልፍ ሁለት መሆን እንደሚችል አስቦ አያውቅም ነበር።

አሁን የከበበው ሥራ የመለኪያውን ቁጥር ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ማኅተም የምትመታው ወደ ፈተናው አዳራሽ የተዛወረችው ዙሌካ ናት። መስከረም ላይ ያው ሞተር ተጠግኖ ለፈተና መጣ። ሮጠ፣ ጠፋ፣ መልሶ ሊነሳ ሆነ። ያለ ነዳጅ ሲሽከረከር ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ዙሌካ ማኅተሟን እንደያዘች ዞር አለች።

«ጋሽ ከበበው፣ በመዳፍህ እንዴት ነው? በርዷል?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ከበበው ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስልኩ እጁ ሥር ይነዝራል፤ አላነሳውም።

«አሥራ አንድ ዲግሪ ይቀራል» አለ ዓይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል። «ሁለት ደቂቃ እንቁም።»

ዙሌካ ማኅተሟን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና አጠገቡ መጥታ ቆመች።