ከኤደን የመጣው የድንጋይ ጩቤ

አባቴ ወፍጮ ወቃሪ ነበሩ። ጊደር መጋላ ገበያ፣ ከእህል ተራው ጥግ ተቀምጠው፣ በመፍጨት ብዛት ፊቱ የለሰለሰ የወፍጮ ድንጋይ ሲመጣላቸው በመሮና በመዶሻ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ እንደገና ያሻክሩታል። የለሰለሰ ወፍጮ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም። ሐኪም ከሚባለው ተራራ ገጠር ወደ ከተማ ያመጣን ይኸው ሥራ ነበር። እኔ ጀጎል ግንብ ውስጥ አግብቼ፣ ባሌን ቀብሬ፣ አንዲት ልጄን ይዤ ስኖር የሞተር ወፍጮ ከተማው ገባ። መጀመሪያ ሰው “ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል” እያለ ሸሸው። ቆይቶ ግን ሁሉም እህሉን ተሸክሞ ወደዚያው ሄደ። አባቴም መዶሻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እኔ ቤት ገቡ።

በተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ። አባቴ ሥራ ፈትተው ግቢው ውስጥ ሲቀመጡ ይታመማሉ ብዬ ሰጋሁ፤ ተነስተው ሲወጡ ደግሞ ይወድቃሉ ብዬ ሰጋሁ። የልጄ ሠርግ እየደረሰ ስለነበር ጭንቀቴ ሁሉ በአንድ ላይ ሆኖብኝ ነበር። አንድ ቀን ከሐኪም ተራራ ሲመለሱ በኩታቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈው መጡ።

“ምንድን ነው አባ?” አልኳቸው።

“ድንጋይ።”

“ድንጋይ መሆኑንማ አያለሁ።”

“ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?”

ነጭ ሆኖ አረንጓዴ ሥር የሚሄድበት ድንጋይ ነው። ግቢው ውስጥ አስቀመጡትና ለልጅቱ ግድግዳ የሚሰቀል ጩቤ እንደሚሠሩበት ነገሩኝ። ጀጎል ውስጥ ሙሽራ ስትገባ የቤቷ ግድግዳ ይታያል። ስፌቱ፣ የእንጨት ሳህኑ፣ ሁሉም በየቦታው ተሰቅሎ የባል ዘመዶች እየተዟዟሩ ያዩታል። እኔ የገጠር ልጅ ነኝና ስፌት ላይ እጄ ደካማ ነው። ልጄ ከጎረቤት ተምራ የቻለችውን ሰፍታለች፤ ከመደቡ በላይ ግን ባዶ የሚቀር ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

“ጩቤ? በሠርግ ቤት?” አልኩ። “ሰው ቢቆርጥስ?”

“ቅቤ እንኳን አይቆርጥም። ለማየት ነው።” ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። “ዕድሜዬን በሙሉ ድንጋይ ሳሻክር ኖርኩ። እስቲ አንድ ጊዜ ላለስልስ።”

የጩቤውን ቅርጽ፣ ወገብ ላይ እንደሚታጠቀው ቆልመም አድርገው፣ በከሰል ሳሉት። ትርፉን በትንሿ መሮ ቀስ እያሉ አነሱት። ብናኙ ደረታቸው እንዳይገባ አፍና አፍንጫቸውን በእርጥብ ጨርቅ ላስር ስል፣ “ሙሽራዋ እኔ ነኝ እንዴ ፊቴን የምትሸፍኚኝ?” አሉና ልጄን አሳቋት። ግን አሰሩት። ከዚያ ሥራ የፈታውን ወፍጮአችንን አጋድመው፣ አሸዋና ውሃ እያደረጉ ጩቤውን በላዩ ይፈትጉት ጀመር። አሸዋው መጀመሪያ ሻካራ ነበር፤ ኋላ በሻሽ የተነፋ ሆነ። በመጨረሻ እርጥብ ቆዳ ላይ አመድ ነስንሰው አሹት፣ የሰሊጥ ዘይትም ቀቡት። እጀታው ላይ የልጄን ስፌት ጠርዝ እያዩ ያንኑ ጥለት ቀረጹበት። ማለስለሱ ማብቃቱን የሚያውቁት በጥጥ ነበር። የተባዘተ ጥጥ ስለቱ ላይ ይጎትታሉ፤ አንዲት ጭረት እንኳን ክር ከያዘች እንደገና ወደ ውሃው ይመለሳሉ።

ልጄ ሲያልቅ አይታው በጉንጯ ዳበሰችው። አባቴ ያን ቀን በልተው እንኳን አልጠገቡም፤ “ጨምሪልኝ” አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እኔ ግን የአባቴ ሥራ መሳቂያ እንዳይሆን ፈርቼ ልጄን መክሬያት ነበር። “የባልሽ ዘመዶች ስለ አያትሽ ሥራ ካልጠየቁሽ አታንሺ፤ ቢቀልዱም ዝም በይ” ብያታለሁ። የሚቀልዱ መሆናቸውን አውቅ ነበር። አልቀረም። ሴቶቹ ግድግዳውን ሊያዩ የገቡ ዕለት አንዷ ገና ከደጃፉ ጀመረች።

“ሙሽሪት፣ ወፍጮሽስ የት አለ? የወቃሪ የልጅ ልጅ ባዶ እጇን ትመጣለች እንዴ?”

“ተይ አቦ፣ ምላሷንም ወቅረውት እንዳይሆን። ተጠንቀቂ” አለች ሌላዋ። ሳቁ።

ልጄ አቀርቅራ ነበር። የሙሽራው አክስት ግን አልሳቀችም። ቤተሰቡን የምትመራው እሷ ነበረች፤ እኔን ገና በሽምግልናው ጊዜ “እኩያ ነን፣ አንቺ እንባባል” ብላኛለች። ስፌቶቹን አልፋ ከመደቡ በላይ ጩቤውን አየችና ከግድግዳው አወረደችው።

“ማሻአላህ። ይሄ የማን እጅ ነው?”

ልጄ ቀና ሳትል፣ “ከኤደን ነው የመጣው” አለች።

ያኔ ከኤደን ወደብ መጣ ማለት፣ ባሕር ተሻግሮ መጣ ማለት፣ ለማንኛውም ዕቃ ትልቅ ክብር ነው። ሴቶቹ ተንጋግተው ከበቧት። አባቴ ደጃፉ አጠገብ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ይባስ ብሎ አክስቲቱ ጩቤውን ይዛ ወደ እሳቸው ሄደች።

“አባባ፣ ድንጋይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እስቲ ይዩልኝ፣ እውነት የኤደን ነው?”

ልጄ ወደ አያቷ አላየችም። አባቴ ጩቤውን ተቀብለው አንድ ጊዜ ገለበጡት፤ ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሳለፉ።

“የኤደን ነው” አሉ። “የሠራው ሰው ጥሩ እጅ አለው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቸኩሏል እንጂ።”

ወደ ቤት ስንመለስ በጠባቡ መንገድ ላይ ቀድመውኝ ይሄዱ ነበር። “ሄጄ እውነቱን ልናገር” አልኳቸው።

“ሙሽራ በገባችበት ቀን ውሸታም ከተባለች መቼ ታምና ትኖራለች? ደግሞም ወላሂ አላለችም። ተዪው።”

ተውኩት። ትዕዛዛቸውን ማክበሬ ነበር፤ ደግሞም ለልጄ ስለፈራሁ ዝምታው ተመችቶኝ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የሚቀጥለው ዝናብ ሳይገባ አክስቲቱ እኔ ቤት መጣች። ወንድ ልጇ ቤት ሊሠራ ነውና እንደዚያ ያለ ጩቤ ትፈልጋለች። “ለልጅሽ ያመጣላት ነጋዴ ለእኔም ያምጣልኝ” አለችኝ። አባቴ ከጓዳ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ “ይመጣል፣ ኢንሻአላህ” አሉ።

እሷ ከሄደች በኋላ፣ “ምን አደረጉኝ አባ?” አልኳቸው።

“ኤደን ሩቅ ነው። ጊዜ አለን” አሉና ሳቁ።

ሁለተኛው ግን እንደ ፊተኛው በግቢ አልተሠራም። ጎረቤት አይቶ ለአክስቲቱ እንዳይነግራት ፈርቼ ጓዳ አስገባኋቸው፤ በሩን ዘጋሁ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ደፈንኩ። የመፈተጉ ድምፅ ሲሰማ ጎረቤቴ “ምን እየፈጨሽ ነው?” ስትለኝ “በርበሬ” እላለሁ። ጓዳችን መስኮት የለውም። አባቴ በኩራዝ ይሠራሉ። ዓይናቸው መድከም የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ እዚያ ውስጥ ግን ጭረቱ ክር መያዙን እንኳን ለማየት ወደ ኩራዙ ይጠጉ ነበር። አንዳንዴ “በሩን ገርበብ አድርጊው” ይሉኛል። ገርበብ አድርጌ፣ የሰው እግር በሰማሁ ቁጥር መልሼ እዘጋዋለሁ። ኋላ መጠየቃቸውን ተዉ።

ሲያልቅ በባሕር ማዶ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩላት። አክስቲቱ ወደ ደጅ ወጥታ በፀሐይ አገላበጠችው።

“ደህና ነው” አለች። “ግን ከልጅሽ አይደርስም። እዪው፣ ጫፉ ላይ ደብዝዟል። የኤደን ሰዎችም ማጭበርበር ጀመሩ።”

ስመለስ አባቴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

“ምን አለች?”

“ወደደችው።”

“ጫፉን አላየችም?”

ዋሽቼ ልጨርሰው ፈልጌ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም። “አየችው አባ።”

“ዓይን አላት” አሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። እንዲያውም ሥራቸውን ልብ ብሎ ያየ ሰው በመገኘቱ ደስ ያላቸው መሰለኝ። “ሌላ አንድ ብሠራላት ኖሮ…” አሉ። ሌላ አልሠሩም። ከዚያ በኋላ የመሮውን አፍ በዳበሳ እንጂ በዓይናቸው አይለዩትም ነበር።

ያኔ በሩን ከፍቼው ቢሆን እላለሁ። ጎረቤት አይቶ ቢያወራ፣ ወሬው አክስቲቱ ጋ ቢደርስ፣ እሷም በራሷ እግር መጥታ እጃቸው አሸዋና ውሃ ውስጥ እያለ ብታገኛቸው። ምን ትል ነበር? ትስቅ ነበር? ልጄን ትቀየም ነበር? ምናልባት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጫፉን እንዲህ ያድርጉልኝ ትላቸው ነበር። ያን ሁሉ የፈራሁት ለአንድ ሳምንት ሐሜት ነው። ልጄ ወልዳ፣ ቤቷ ረግቶ፣ ማንም ስለ ወፍጮ መቀለዱን ከተወ በኋላ እንኳን አፌን አልከፈትኩም። ነገ እላለሁ፤ ነገም ሌላ ስጋት ይመጣል።

አባቴ ሞቱ። ለተዕዝያ ሊያጽናኑን በመጡ ሰዎች ቤቱ ሲሞላ አክስቲቱም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ስትይዝ ያ ሁሉ ፍርሃት ድንገት ትርጉም አጣብኝ። ጩቤዎቹን ሁለቱንም የሠሩት አባቴ እንደሆኑ ነገርኳት። ስለ ጓዳው፣ ስለ ኩራዙ፣ ሁሉንም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

“አላህ ይርሐማቸው። ደግ ሰው ነበሩ” አለች። “ኀዘን ሰውን ብዙ ያናግራል። የአባትሽ እጅ ድንጋይ ሲያሻክር ነው የምናውቀው እኮ እህቴ። ያ ግን የባሕር ማዶ ሥራ ነው።” ወደ ጓዳው ዞር ብላ፣ “ውሃ ስጧት” አለች።

ውሃውን ይዛ የመጣችው ልጄ ነበረች። ሰምታለች። ኩባያውን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

“እውነቷን ነው። አያቴ ናቸው የሠሩት” አለች።

አክስቲቱ ቀና ብላ አየቻት። አልተቆጣችም። “አንቺ ራስሽ ከኤደን ነው ብለሽኛል። አባባም በእጃቸው ይዘው፣ አይተው፣ የኤደን ነው ብለውኛል። አሁን እሳቸው የሉም። ከሁለቱ ቃልሽ የትኛውን ልያዝ?”

ልጄ ውሃውን ሰጠችኝ፤ ጠጣሁት።

ጩቤዎቹ በሁለቱ ቤቶች ግድግዳ ላይ ዛሬም አሉ። እንግዳ ሲመጣና ሲጠይቅ ልጄ “የአያቴ ሥራ ነው” ትላለች። አክስቲቱ ደግሞ በወንድ ልጇ ቤት “ከኤደን የመጣ ነው፤ ፊተኛው ግን ይበልጣል” ትላለች። ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ ሰው የሚያምነው አክስቲቱን ነው።