ስቲከር ያስቀየረኝ ድምፅ

በቤታችን፣ እዚሁ ሞልተን የምንመልሰው የምርጫ ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ማንም ብቻውን አይከፍተውም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ጠረጴዛው ይወለወላል፣ ስልኮች መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፣ ከካውንቲው አስተዳደር የሚላከው፣ ተወዳዳሪዎቹ ስለ ራሳቸው የጻፉበት የመራጮች መጽሐፍም ይገለጣል። ለድምፅ የቀረበው እያንዳንዱ ጉዳይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያልገባን ቃል ካለ መዝገበ ቃላት እናያለን። ልጆቼ ሲስቁብኝ ኖረዋል፤ እኔ ግን ኮስተር ብዬ እቀጥላለሁ።

ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛን የለመድኩት ዳውንታውን ኦክላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ በነበርኩበት ጊዜ፣ ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ በማንበብ ነው። በራሱ ትግል ማንበብ የተማረ ሰው ደግሞ ሌላውን «አንብብ» ማለት ይወዳል።

ባለፈው ምርጫ የመጨረሻዋ ልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰበክኳት። ሰውን በጻፈውና በሠራው መዝኚ፣ ከማን ጋር እንደቆመ አይተሽ አትፍረጂ አልኳት። ታዳምጠኛለች፣ በእንግሊዝኛ «ኦኬ» ትለኛለች።

ያን እሁድ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበር። ሳን ሆዜ ይኖራል፤ የሚሠራው ግን እዚሁ ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። እሱ ፕሬዝዳንቱን ይወዳል፣ እኔ አልወድም። የቤንዚን ዋጋ ሲወርድ እሱ ፕሬዝዳንቱን ያመሰግናል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ሲወጣ እኔ ፕሬዝዳንቱን እወቅሳለሁ፣ እሱ ያለፈውን ፕሬዝዳንት ያነሳል። ከዚህ በፊት የእኔ ሰው ሥልጣን ላይ ሳለ እንዲያው ተቃራኒውን ስንል ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ምድጃው ሲበላሽ፣ የትኛውን ፕሬዝዳንት እንደምትወቅስ ሁለታችንንም በየተራ አማከረችን።

ንባቡ ተጀመረ። የቤተ መጻሕፍቱን ጉዳይ፣ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ ጨርሰን የአውቶቡስ ድርጅቱ ቦርድ አባል ምርጫ ላይ ደረስን። ይህ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቴ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች፣ የሰፈራችን የመጀመሪያ አውቶቡስ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ በየጠዋቱ ወይ እኔ አደርሳታለሁ፣ ወይ ጎረቤት ትለምናለች። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ሰባት መስመር ጽፋ ምን እንደምታደርግ አልገባንም። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የጠዋቱ አውቶቡስ የሆስፒታልና የጽዳት ሠራተኞች ሳይረፍድባቸው መነሳት እንዳለበት በአጭሩ ጽፏል።

«ይሄ ነው ሰው» አልኩ። ብዕሬን አነሳሁ።

አማቼ መጽሐፉን አየት አደረገና ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ እኮ አውቀዋለሁ። መኪናውን እኔ ነኝ የምሠራለት። ከኋላው የፕሬዝዳንቱን ስቲከር ለጥፏል። ዛሬ ገና ተስማማን።»

በእንዲህ ዓይነቱ ምርጫ ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም፤ ነገሩን ሳልሰማ ብቀር ኖሮ ባላወቅኩ። ሰማሁ። ብዕሬ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወርዶ ከሴትዮዋ ስም ጎን ያለውን ክብ አጠቆረ።

ባለቤቴ አየችኝ። «አውቶቡሱን የሚነዳው ስቲከሩ ነው እንዴ?» አለች።

ሁለተኛ ሳነበው አልጣመኝም አልኩ። ልጄ ቀና ብላ ተመለከተችኝ። ቶሎ ልገላገል ብዬ ፖስታውን አሽጌ ላዩ ላይ ፈረምኩና ያኔውኑ ወጥቼ መንገድ ዳር ያለው የድምፅ መሰብሰቢያ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከካውንቲው ደብዳቤ መጣ። ልጄ አነበበችው። «አባዬ፣ ፊርማህ ማች አላደረገም ይላል።»

ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም ማለቷ ነው። ዜግነት አግኝቼ ስመዘገብ የፈረምኩት በራሳችን ፊደል ነው፤ ልጆቼንም የሰው ፊርማ የራሱ ፊደል ነው እያልኩ አሳድጌያለሁ። ያን እሁድ ግን በጥድፊያ፣ ሥራ ቦታ ዕቃ ስረከብ የምጭራትን የእንግሊዝኛ ጭረት ጭሬ ኖሯል።

ቢሮው ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች። አንዲት ምልክት መቀየር እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። አይቻልም፤ ፖስታው የእኔ መሆኑን ደብዳቤው ላይ ፈርሜ ከላክሁ እንዳለ ይቆጠራል፣ ካልፈረምኩ ሁሉም ይቀራል አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ልጄን አስቀመጥኳት። «ያን ቀን ሁለተኛ አላነበብኩትም» አልኳት። «ስቲከሩን ሰምቼ ነው የቀየርኩት።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ገጹን አልገለጥክም።» ቀጥላም «እኔ ሰውየውን መርጫለሁ። ሳይን ካደረግክ የእኔን ድምፅ ታጣፋዋለህ» አለች።

አለመፈረም ቀላል መስሎኝ ነበር። ጥፋቴ ሳይቆጠር ይቀር ነበር፣ ሚስቴም ልጄም ደስ ይላቸው ነበር። ነገር ግን በዚያው ወረቀት ላይ በሐቅ ያነበብኳቸውም ነበሩ። ደግሞም ያጠፋሁትን «የእኔ አይደለም» ብዬ ከልጄ ፊት ብሸሽ፣ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። በፊደላችን፣ ቀስ ብዬ ፈረምኩ። ደብዳቤውን ወስዳ ፖስታ ቤት ያስገባችው እሷው ናት።

ብዙ ጊዜ ፕሬዝዳንቱን የምንመዝነው በኑሯችን ይመስለናል። እኔ ያየሁት ግን ኑሯችንን በፕሬዝዳንቱ ስንመዝን ነው። ቤንዚኑን፣ ጎረቤቱን፣ የሚስቴን አውቶቡስ ሳይቀር።

ለአማቼ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ረጅም ሳቅ ሳቀብኝ። ከዚያ እሱም ሳን ሆዜ ለቤተ መጻሕፍት የቀረበውን ጉዳይ እንደተቃወመ ነገረኝ፤ ምክንያቱ የድጋፍ ሰሌዳው ፕሬዝዳንቱን በሚሳደብ ጎረቤት ግቢ መተከሉ ነው። የራሱ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉት እዚያው ቤተ መጻሕፍት ነው። «ጋሼ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አለ። ይኸው ነገርኩበት፤ የእኔን ከተናገርኩ የእሱ ምን ያደርጋል።

ሴትዮዋ አሸነፈች። በእኔ አንድ ድምፅ አይደለም፣ ግን እኔም አለሁበት። አውቶቡሱ እስከ ዛሬ በዚያው ሰዓት ነው የሚነሳው። ባለቤቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ውጤቱ የታወቀ ዕለት «እንግዲህ አውቶቡሴ አንተ ነህ» አለችኝ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ለምና አታውቅም።

በቀደም ጠዋት ሆስፒታሉ አጠገብ ቀይ መብራት ያዘን። ከፊታችን የቆመው መኪና ያንኑ ስቲከር ለጥፏል። አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

«እሱን ተወውና መብራቱን እይ» አለች። «አረንጓዴ ሆኗል።»