ልብሽ አይችለውም የተባልኩት መርዶ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይሆንልኝም። ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለቱ ግን ከበደኝና ተነሣሁ። ስሙ ይባረክ።

እንደምታውቁት የምኖረው እዚሁ ቢቸና፣ ከልጄ ከአብርሃምና ከሚስቱ ከታደለች ጋር ነው። ታላቅ እኅቴ የሻረግ ሞጣ ነበረች። ተማሪዎች ሳለን ሁለታችንም ለትምህርት ቤታችን እንሮጥ ነበር። ጡረታ ስንወጣ እሷ ሞጣ ካለው የጤና ስፖርት ቡድን ገባች፤ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ሚኒባስ ይዤ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ማለዳ ሜዳው ላይ ሶምሶማ እንሮጣለን። ወደ ኋላ ከቀረሁ "ሙሽሪት፣ ሚዜ እንላክልሽ?" ትለኛለች። በዚያን ጊዜ እግዚአብሔርን እፈራው ነበር እንጂ የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ቤቴ ሳለሁ ደረቴን የሆነ ነገር ተጫነኝ። ግራ እጄ ዛለ፤ ላብ አጠመቀኝ። ጨጓራዬ ነው ብዬ አብሽ በጥብጬ ጠጣሁና ተኛሁ። ታደለች ነርስ ናት፤ ከሆሳዕና ከተማ ተመድባ መጥታ ነው ልጄ ያገባት። ከሥራ ስትገባ አየችኝና ወዲያው መኪና ጠራች። ከሆስፒታል ሆስፒታል ተላልፈን አዲስ አበባ ደረስን። የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ሥር መዘጋት ነው አሉ። ስቴንት የሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገብተው ከፈቱልኝ። ሐኪሞችን የሰጠን ጌታ ይመስገን። ስወጣ ሐኪሙ፣ መድኃኒቱን እንዳላቋርጥ፣ ስበረታ ደግሞ ቀስ እያልኩ እንድራመድ መከረኝ።

ቤት ስገባ ግን ማንም አላስነሣኝ አለ። ሁሉም የልብ በሽተኛ ይተኛል ባይ ነው። የሻረግ ሳትመጣ ስትቀር ደውሉልኝ አልኩ። ኔትወርክ የለም አሉኝ። በዚያን ሰሞን እውነትም ኔትወርክ ይጠፋል፤ መንገድም ይዘጋል፤ አመንኳቸው። በኋላ የጎረቤት ስልክ ሲጠራ እየሰማሁ እንኳ የሞጣው ኔትወርክ ገና አልመጣም ይሉኛል።

አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ልትጠይቀኝ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ኀዘንተኛ ለብሳለች። ለካ ጠያቂው ሁሉ ደጅ ላይ ነጠላውን እያስተካከለ ነበር የሚገባው፤ እሷ ረሳችው። ማን ሞተ ብላት የሩቅ ሰው ነው ብላ ሳትቀመጥ ወጣች።

ታደለችን ጠራኋት። "የሻረግ አለች?" አልኳት። አብርሃም ከኋላዬ ቆሞ እንዳትናገር በእጁ ይከለክላታል። እሷ እግሬ ሥር ተንበረከከች።

"እማዬ፣ አልዋሽዎትም። እትዬ የሻረግ ዐርፈዋል። እርስዎ ሆስፒታል ሳሉ ነው፤ ድንገት አሟቸው።"

ልቧ አይችለውም ብለው ነበር የደበቁኝ። እኔም ልቤ እስኪቆም ጠበቅሁ። አልቆመም። ታደለች እጄን ይዛ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ኀዘን ብቻቸውን አታሸክማቸው" ብላ ጸለየች። ከዚህ የበለጠ አላለችም። ያን ቀን የተረፍኩት በራሴ ጉልበት አይደለም፣ ወገኖቼ፤ የያዘኝ ነበረ። ስሙ ይባረክ። ሰንብቼ፣ የምትጠሪውን ጌታ ለእኔም ጥሪልኝ አልኳት። እንዲህ ነው ጌታን የተቀበልኩት። ዘመዶቼ በዚህ አዝነውብኛል፤ አልፈርድባቸውም።

ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ መርምሮኝ ሶምሶማ መጀመር እንደምችል ነገረኝ። አብርሃም "እማዬ፣ ደግሞ ለኦሎምፒክ ነው?" አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። ታደለች አብራኝ ሞጣ ሄደች።

ሜዳው ላይ ስደርስ የቡድኑ ሰዎች ሩጫቸውን አቆሙ። የሻረግን ቀብረዋታል፤ እኔን ግን ልቅሶ ሊደርሱኝ ተከልክለው ነበር። አስተባባሪያችን ጡረተኛ መምህር ናቸው። ቀረብ ብለው "እትዬ፣ ቀበርናት እንጂ እርስዎን አላጽናናንም። ዛሬ ልቅሶ እንድረስዎ" አሉኝ። ሁሉም በቱታቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እዚያው አለቀስን።

ከዚያ ተነሣን። ተራመድኩ፤ ቀጥሎ እስከ ጎሉ ድረስ ቀስ ብዬ ሮጥኩ። እያለቀስኩ ነው የሮጥኩት። ደረቴን አላመመኝም። ጌታ ይመስገን።

ዛሬም መድኃኒቴን እውጣለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሮጣለሁ። ኀዘኔ አልወጣልኝም፤ አጠገቤ የምትሮጥ እኅት የለችኝም። ቢሆንም ጌታን አመሰግነዋለሁ። ከመካከላችሁ ይህን ከሰማሁ እሞታለሁ ብሎ የሚፈራ ካለ፣ አይነካህም አልለውም፤ እኔን ነክቶኛል። ጌታ ግን በዚያ ሰዓት አብሮ ይቀመጣል፤ እመኑት።

ከዚህ በላይ መናገር አልችልም። ታደለች፣ ልጄ፣ ነይና ጸልዪልን።